እጃቸው ደህና ነው

«እህቴ፣ እጃቸው ምን ሆኖ ነው?»

አባታቸውን ወይም እናታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን የሚመጡ ቤተሰቦች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። እየጠየቁኝም የዛለውን እጅ ያሻሹታል። ቤት ውስጥ ዘይት ቀብተውታል፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈውታል። ብርድ መቶት ነው ብለው ጓንት ያጠለቁለትም አይቻለሁ።

እኔ ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። እጃቸው ደህና ነው። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጡንቻው ደህና ነው፣ ከአከርካሪ ወጥቶ ወደ እጅ የሚሄደው ነርቭም ደህና ነው። ጉዳቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው።

ይህንን ስል ብዙዎቹ በጥርጣሬ ያዩኛል። አይፈረድባቸውም። የሚታያቸው የተንጠለጠለው እጅ ነው፣ አንጎል አይታይም። ስለዚህ ጣቴን ራሴ ላይ እያስኬድኩ መንገዱን አሳያቸዋለሁ። ግን ወረፋ አለ፣ ሁሉንም ለማስረዳት ጊዜ አይበቃም። ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፈው። ቤታችሁ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ፣ ምን እንደሚጠበቅና ምን መደረግ እንደሌለበት የምትረዱት ይህንን መንገድ ስታውቁ ነው።

ከአንዱ ጆሯችሁ ወደ ሌላው በአናታችሁ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። በዚያ መስመር አካባቢ፣ ከራስ ቅሉ ስር፣ እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል አለ። አናት ላይ መሃል ለመሃል ያለው እግርን ያዛል። ወደ ጎን ወረድ ሲባል ክንድና እጅ ይመጣሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ፊት፣ ከንፈርና ምላስ። ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ነቅተው እያሉ ቀዶ ሕክምና ያደርግላቸው ነበር። አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውም። ፔንፊልድ አንዱን ቦታ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው አውራ ጣት ይንቀሳቀሳል፣ ሌላውን ሲነካው ከንፈር። እንዲህ እያደረገ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካርታውን ሠራ። እኔን ዛሬም የሚገርመኝ የቦታው ስፋት ነው። ያንን የሚያክለው ጀርባችን የሚያገኘው ጥቂት ቦታ ነው። እጅና የንግግር ጡንቻዎች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይይዛሉ። እንጀራ መቁረስ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ መናገር ቀላል ሥራ አይደለም።

ትእዛዙ ከአንጎል ጡንቻ ጋ የሚደርሰው በዱላ ቅብብል ነው። ሁለት ሯጮች አሉ። የመጀመሪያው የነርቭ ሕዋስ ከአንጎል ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል። ከማጅራት በላይ፣ አንጎል ከህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ ከሚወርደው የነርቭ ገመድ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ አብዛኛው መስመር ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል። የግራ አንጎል ሲጎዳ ቀኝ እጅ የሚዝለው ለዚህ ነው። ከዚያ በአከርካሪው ውስጥ ወርዶ ዱላውን ለሁለተኛው ያቀብላል። ሁለተኛው ከአከርካሪ ወጥቶ ጡንቻው ጋ ይደርሳል። ከወገብ ተነስቶ እግር ጫፍ የሚደርሰው ክር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያ ሁሉ ርዝመት የአንድ ሕዋስ አካል ነው። ፈጣኖቹ ነርቮች መልእክቱን በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ያስኬዱታል።

የትኛው ሯጭ እንደወደቀ ማወቅ ለእኔ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ልዩነት ደግሞ ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ያደግሁት ፎገራ ነው። ዛሬ ፎገራ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ሩዝ ነው። ድሮ ግን በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ጓያ በብዛት ይዘራ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በተረፈው እርጥበት ይበቅላል፣ ድርቅንም ይችላል። ገበያ ስንሄድ በዱላ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተፋተገ፣ በእግር ጣታቸው የሚራመዱ ሰዎች አይ ነበር። «ጓያ ነው» ይሉን ነበር ትልልቆቹ። ጎረቤታችን ደግሞ በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ሰው ነበር። እሱም በዱላ ነው የሚሄደው። ለእኛ ለልጆቹ ሁለቱም አንድ ይመስሉን ነበር።

አንድ አይደሉም። በጓያ የተጎዳውን ሰው እግር ብትይዙት ድርቅ ያለ ነው፣ ለማጠፍ ትታገላላችሁ። ጡንቻው አለ፣ ጉልበትም አለው። የፖሊዮው እግር ግን ቀጭንና ልል ነው፣ እንደፈለጋችሁት ይታጠፋል። ፖሊዮ የሚገድለው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ሯጭ ነው። ነርቭ የሌለው ጡንቻ ይከሳል። ጓያ ደግሞ የመጀመሪያውን ነው የሚጎዳው። ሁለተኛው በሕይወት አለ፣ ግን ከላይ የሚመራውና የሚያረጋጋው የለም። ስለዚህ በራሱ ጡንቻውን ያዛል፣ እግሩም ይገተራል።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ ለመቀስቀስ ከሚጠቀሙበት ግሉታሜት ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ሕዋሱን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። አእምሮ አይነካም፣ ንግግር አይነካም። ሰውየው አይሞትም፣ እግሩም አይመለስለትም። አንዳንዱ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት መነሳት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቁት ሲያርሱ የሚውሉ ወጣት ወንዶች ናቸው። ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ያለውን ጉዳት አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል።

አንጀቴን የሚበላኝ ምክንያቱ ነው። አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ የበላ ሰው በዚህ አይያዝም። የሚያዘው ሌላ እህል አልቆበት ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ነው። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል። ግን በድርቅ ዘመን የሚቀላቀል እህል ከየት ይመጣል? ውሃስ? ይህ በሽታ ድህነት እግር ላይ ሲታይ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሳስብ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ስትሮክ የመታቸው ናቸው። እዚህም የሚወድቀው የመጀመሪያው ሯጭ ነው፣ የሚወድቅበት ምክንያት ግን ደም ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ከምንጠቀመው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚያስቀምጠው ስንቅ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ደም ለደቂቃዎች ከተቋረጠበት መሞት ይጀምራል። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጠፉ ተሰልቷል። በጠቅላላው ያለን 86 ቢሊዮን ያህል ነው። ብዙ ቢመስልም በዚህ ፍጥነት አያዛልቅም።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ያስፈልጋል። ስትሮክ በመዘጋትም በመድማትም ይመጣል፣ ለሚደማ አንጎል ደግሞ ያ መድኃኒት አደገኛ ነው። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ቶሎ መድረስ በሁሉም መንገድ ይጠቅማል፤ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ አተነፋፈሱ ይታያል። ፊት በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ «እስኪ ይተኛበት፣ ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፣ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል። በሦስተኛው ቀን የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ፊቱ የተጣመመ ሁሉ ስትሮክ የመታው አይደለም። ግንባርን የሚያኮማትረው ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ነው። ስለዚህ በስትሮክ አፍ ቢጣመምም ግንባር ብዙውን ጊዜ ይኮማተራል። የፊት ነርቭ ራሱ ሲጎዳ ግን ግንባሩም አይኮማተርም፣ ዓይንም አይከደንም። ብዙ ሰው «ምች መታው» የሚለው ይህንን ነው። ይህንን የጻፍኩት ቤት ውስጥ እንድትለዩት አይደለም። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው።

ከኋላ፣ ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ሲመታ ደግሞ ሌላ ነው። እጅ አይዝልም። ሰውየው ግን ይንገዳገዳል፣ ስኒ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ይስታል። የተጎዳው ጎንና የሚስተው እጅ አንድ ጎን ናቸው። ጠጥቶ ነው ተብሎ የተተወ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ቤተሰብን የሚጎዳው ግን ንግግር ሲጠፋ ነው። በአብዛኛው ሰው ንግግር ያለው በግራ አንጎል ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅና ቋንቋ አብረው ይጎዳሉ። በ1861 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ሰው አገኘ። ሰውየው የሚነገረውን ይረዳ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ የተጎዳው በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት ያለው ክፍል ነበር።

አንድ አባት ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ የኖሩ። ዳቦ አሳይቼ «አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስላቸው ከንፈራቸው ይታገላል፣ ቃሉ አይወጣም። ልጃቸው «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ሲጀምርላቸው ግን ሳይደናቀፉ እስከ መጨረሻው ደገሙት። ልጅየው ደነገጠ። «መናገር ከቻሉ ታዲያ ለምን ይዘጉናል?» አለኝ። አኩርፈውት ነበር የመሰለው።

አላኮረፉም። ከልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ከሌላው ንግግር በተለየ መንገድ ይመጣል፤ ቀኝ አንጎልም ያግዛል። አዲስ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር ግን ያንን የተጎዳ ቦታ ይፈልጋል። ይህንን ሳስረዳው ልጅየው የአባቱን እጅ ይዞ አለቀሰ። እባካችሁ፣ አጠገባቸው ቆማችሁ «አእምሮው ሄዷል» አትበሉ። ብዙዎቹ ይሰማሉ። አጠር አድርጋችሁ ጠይቁ፣ አዎና አይደለም ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ይመልሱ፣ ጊዜ ስጧቸው።

ስለ መዳን ልናገር። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይበቅልም። በዙሪያው የተረፉት ሕዋሳት ግን አዲስ ግንኙነት ይሠራሉ፣ የጎደለውን ሥራም በከፊል ይረከባሉ። ይህ የሚሆነው በመሥራት ነው፣ ያውም ደጋግሞ በመሥራት። በማሸት ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ስኒ ማንሳት፣ ምስር መልቀም፣ ፎጣ ማጠፍ አዛለሁ። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ ከዚያ በኋላም ግን አይቆምም። እግር ብዙ ጊዜ ከእጅ ይቀድማል። የአንጎልን ጎን የሚያጠጣውና በብዛት የሚዘጋው የደም ሥር የእጅንና የፊትን ቦታ ይመታል፣ አናት ላይ ያለው የእግር ቦታ የሚጠጣው ከሌላ ነው። «እየሄዱ እጃቸው ለምን እንቢ አለ?» ለምትሉኝ መልሱ ይኸው።

መጀመሪያ ልል የነበረው እጅ ከሳምንታት በኋላ መድረቅ ይጀምራል። አንዳንዱ ጠነከረ ብሎ ደስ ይለዋል። ያ መገተር ፎገራ በጓያ የተጎዳው እግር ዓይነት ነው፣ ከላይ የሚያረጋጋው አጥቶ። ዝም ከተባለ ጣቶቹ ተጨብጠው ይቀራሉ። ስለዚህ በየቀኑ ቀስ ብላችሁ ዘርጉላቸው።

ክንዳቸውን ይዛችሁ ከአልጋ አትጎትቷቸው፤ ጡንቻው የዛለ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። በብብታቸው ስር አትሳቡ፣ ወገባቸውን ይዛችሁ አንሱ። ሲበሉና ሲጠጡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ተኝተው የጠጡት ውሃ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሹራብ ስታለብሷቸው ከደከመው እጅ ጀምሩ፣ ስታወልቁ ከደህናው።