ታች ሳይደርስ የሚመለሰው እግር

ሌግ ኤክስቴንሽን (ማሽን ላይ ተቀምጦ ክብደት የጫነበትን እግር ከጉልበት የመዘርጋት ልምምድ) የሚሠራ ሰው ሲደክመው የመጨረሻዎቹን ድግግሞሾች እዩለት። እግሩ ቀጥ ማለቱን አይተውም፤ ወደ ታች መውረዱን ግን ያሳጥራል። ጉልበቱ 90 ዲግሪ ሳይታጠፍ ከ60 ላይ ይመለሳል። የሚቆጨው የሚቀረው ክፍል የፊት ጭን ጡንቻ ይበልጥ የሚለጠጥበት፣ ከሥራውም ብዙ የሚያተርፍበት መሆኑ ነው።

እግር ቀጥ ሲል 0፣ ወንበር ላይ ስንቀመጥ 90 ዲግሪ ብለን እንቁጠር። በ30 ላይ የፊት ጭን ጡንቻ አጭር ነው፤ በ100 ላይ ረጅም። እግር ለመዘርጋት በጣም ብርቱ የምንሆነው በመሃሉ፣ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ነው። ነገር ግን ብርቱ የምንሆንበት ቦታና ልምምዱ የሚያዋጣበት ቦታ አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የ12 ሳምንት ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ሳይንቀሳቀሱ እየገፉ አንዱን እግር በ50፣ ሌላውን በ100 ዲግሪ አሠሩ። የሁለቱም እግሮች ጡንቻ በተቀራራቢ መጠን ወፈረ። ጥንካሬው ግን ተለያየ፦ በ50 የሠራው እግር የበረታው በዚያው አካባቢ ባሉ ማዕዘኖች ሲሆን፣ በ100 የሠራው በተለካበት ማዕዘን ሁሉ በረታ። ጅማቱም የጠነከረው በ100 የሠራው ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት) ብቻ የሚሠራ ሰው ዝቅ ብሎ ሲነሳ ቢንገዳገድ አይገርምም።

ያለ ማሽን ለመሥራት ጠንካራ ወንበርና የማይለጠጥ ማሰሪያ ይበቃል። ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ከሥሩ ፎጣ አድርጋችሁ፣ ከወንበሩ የኋላ እግር ጋር እሰሩ። ተረከዛችሁ ከጉልበታችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። እግራችሁን ለመዘርጋት ወደ ፊት ግፉ፤ ግፊቱን በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ከሙሉ አቅማችሁ ወደ ሦስት አራተኛ ሲደርስ 5 ሰከንድ ያዙ። 5 ጊዜ ደጋግሙ፤ ይህ አንድ ዙር ነው። 3 ዙር፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በሳምንት 3 ቀን። ማሰሪያው ከላላ ጉልበት ወደ 70 ይንሸራተትና ሳታውቁት ሌላ ማዕዘን ታሠራላችሁ፤ ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት ይወጠር። መቀመጫችሁ ከወንበሩ አይነሳ፤ ትንፋሽም አትያዙ፣ እየገፋችሁ አውጡ።

ጡንቻ ተለጥጦ ሲሠራ በማግስቱ የሚያመው ከለመዳችሁት ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በ2 ዙር ብቻ እለፉ። የጉልበታችሁ ሎሚ አካባቢ የሚያማችሁ ከሆነ ከ60 ጀምራችሁ፣ ሕመሙ እስከ ማግስቱ የማይቆይ ከሆነ ብቻ፣ በየሳምንቱ 10 ዲግሪ ጨምሩ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን ማዕዘኑን የሚወስነው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ነው።

የኋላ ጭን ጡንቻ ላይ ደግሞ ዳሌም አብሮ ይታሰብ። ከአንዱ አጭር ክፍል በቀር እነዚህ ጡንቻዎች ከዳሌ አጥንት ተነስተው ከጉልበት በታች ስለሚያርፉ፣ ሰው ሲቀመጥ ከላይ በኩል ይለጠጣሉ፤ በሆዱ ሲተኛ ያጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ12 ሳምንት ጥናት ላይ ተቀምጦ ሌግ ከርል (ማሽን ላይ ክብደት የጫነበትን እግር ከጉልበት የማጠፍ ልምምድ) የሠራው እግር የኋላ ጡንቻ 14 በመቶ ሲያድግ፣ ተኝቶ የሠራው 9 በመቶ አደገ። ከዳሌ የማይነሳው አጭር ክፍል ላይ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ይህም ልዩነቱ ከመለጠጥ የመጣ ነው የሚለውን ማብራሪያ ይደግፋል። ሁለቱም ማሽኖች ካሉ እንግዲህ ተቀምጦ የሚሠራውን ምረጡ። የጉልበታችሁ መታጠፊያ ከማሽኑ መዞሪያ ጋር ይግጠም፣ የጭኑ መያዣ ጠበቅ ይበል፣ ሲመለስ በ3 ሰከንድ ልቀቁት።

ከፊት ጭን አራት ጡንቻዎች ዳሌን የሚያቋርጠው ከላይ በኩል መሃል ላይ ያለው (ሬክተስ ፌሞሪስ) ብቻ ነው፤ ለእሱ ነገሩ ይገለበጣል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያሳጥረዋል፤ የሌግ ኤክስቴንሽኑን መደገፊያ ወደ ኋላ ማስተኛት ያስረዝመዋል። ስኳትም ይህን ጡንቻ ብዙ አያሳድገውም፤ ዳሌና ጉልበት አብረው ሲታጠፉ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥምና።

ከአጭሩ ወደ ሙሉው እንቅስቃሴ ስትሸጋገሩ ከክብደቱ ሩብ ያህል ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ታች ላይ መመንጨቅ ትጀምራላችሁ፤ የተመነጨቀ ክብደት ደግሞ ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ ሳይሠራ በግፊቱ ያልፋል። ታች ደርሳችሁ 1 ሰከንድ ቆማችሁ ማንሳት ከቻላችሁ ክብደቱ ልክ ነው።