የቢትኮይን የግል ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ስጽፍ

በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ነው የጻፍኩት። ከቢትኮይን ዋሌት (የቢትኮይን ቦርሳ) የወጣ የግል ቁልፍ፣ ማለትም ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሚያስችል ምስጢራዊ ቁጥር፣ ሲሰጡት በውስጡ ያለውን ተንትኖ አድራሻውን (ገንዘቡ የሚላክበትን መለያ) ያወጣል። የሰው ዋሌት ይከፍትልኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ተስፋውን ይቁረጥ፤ ከአድራሻ ተነስቶ ቁልፍ የሚያገኝ መሣሪያ አይደለም።

ቁልፉ የሚጻፈው ከ58 የፊደልና የቁጥር ምልክቶች እየተመረጠ ነው። እርስ በርስ የሚምታቱት ዜሮ፣ ትልቁ ኦ፣ ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል ከመጀመሪያውም አልገቡበትም። ጽሑፉ ሲፈታ የኔትወርኩን ዓይነት የሚለይ 1 ባይት፣ ቀጥሎ የቁልፉ 32 ባይት፣ በመጨረሻም የአጻጻፍ ስህተት የሚያጋልጡ 4 የማረጋገጫ ባይት ይገኛሉ። እስከዚህ ያለው ከጥቂት መስመር ኮድ አያልፍም።

ጊዜዬን የወሰደው በቁልፉና በማረጋገጫው መካከል አንዳንዴ የሚገባው ተጨማሪ 1 ባይት ነው። በ5 የሚጀምረው ባለ51 ምልክት ቁልፍ የለውም፤ በትልቁ ኬ ወይም በትልቁ ኤል የሚጀምረው ባለ52 ግን አለው። ትርጉሙ «አድራሻው ከተጨመቀው (በአጭሩ ከተጻፈው) ይፋዊ ቁልፍ ይሠራ» ማለት ነው፤ ይፋዊ ቁልፍ ከግል ቁልፉ የሚሰላ፣ ሌሎች ቢያዩት ችግር የሌለው ቁልፍ ነው። አንድ የግል ቁልፍ በተጨመቀውና ባልተጨመቀው መንገድ ሁለት የማይመሳሰሉ አድራሻዎች ስለሚሰጥ፣ ይህን ባይት የዘለለ ፕሮግራም ትክክለኛ ቁልፍ ተቀብሎ ገንዘብ የሌለበትን አድራሻ ያሳያል። ባለቤቱ ገንዘቡ እንደ ጨው የሟሟ መስሎት ይደነግጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አድራሻዎች አትሜ ባይቱ የሚያመለክተውን ለይቼ አሳያለሁ።

ከወረቀት ለሚገለበጥ ቁልፍ ደግሞ የእርማት ትእዛዝ ጨመርኩ። በእጅ ሲጻፉ ትልቁና ትንሹ ሲ፣ ኤስ፣ ቪ ወይም ዜድ አይለዩም። ከ52ቱ አንዱ ምልክት ቢሳሳት እያንዳንዱን ቦታ በቀሪዎቹ 57 ምልክቶች መሞከር 2,964 ሙከራ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር በቅጽበት ይጨርሰዋል። የተሳሳተ ቁልፍ በአጋጣሚ ማረጋገጫውን የሚያልፍበት ዕድል ከ4 ቢሊዮን አንድ እንኳን አይሞላም፤ ስለዚህ የተገኘውን መልስ ማመን ይቻላል።

በአንድ ነገር ግን ግትር ነኝ፦ ቁልፉ ከትእዛዙ ጎን ከተጻፈ ፕሮግራሙ አይቀበልም። እንዲህ የተጻፈ ቁልፍ በተርሚናሉ የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለም በዚያው ኮምፒውተር ያለ ሌላ ተጠቃሚ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ራሱ ይጠይቃል፤ የሚጻፈውም እንደ ይለፍ ቃል በስክሪኑ ላይ አይታይም። ፓይተን አንዴ የያዘውን ጽሑፍ ከሜሞሪ በእርግጠኝነት ማስፋቅ ስለማይቻል፣ ገንዘብ ያለበትን ቁልፍ የምፈታው ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስጨርስም ኮምፒውተሩን አጠፋዋለሁ።