ከልብ ሕመም በኋላ ታካሚዎችን በእንቅስቃሴ የማክምበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በልብ ማገገሚያ ክፍል የምሠራ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። ወደ ሙያው የመጣሁት በመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በዚህ በኩል ለሚመጣ ሰው የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የክሊኒክ ፈተና 1,200 የልምምድ ሰዓት ይጠይቃል፤ በሙያው ማስተርስ ላለው 600 ይበቃል። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ሥዕል) ማንበብ እጅ የሚገባው በዚያ ሰዓት እንጂ በክፍል ውስጥ አይደለም።

አዲስ ታካሚ ሲመጣ ትሬድሚሉን ከማስነሳቴ በፊት መድኃኒቶቹን አያለሁ። ሜቶፕሮሎል ወይም ሌላ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ፣ ከ220 ዕድሜን ቀንሶ የልብ ምት ግብ ማውጣት አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ታካሚው የማይደርስበትን ቁጥር ሲያሳድድ ከአቅሙ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ታካሚው ድካሙን ራሱ በቁጥር በሚገልጽበት፣ ከ6 እስከ 20 ባለው የቦርግ የድካም መለኪያ እሠራለሁ፤ መነሻዬ ከ11 እስከ 13 ነው። እያወራ መራመድ ይችላል፣ መዝፈን ግን አይችልም።

የአገራችን ሰው ግን ደረቱን እየጨነቀውም ቢሆን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ስለዚህ ትንፋሽ ማጠርና እብጠት እንዳለው ለማወቅ «ማታ ስንት ትራስ ይደራርባሉ? ደረጃ ሲወጡ የት ላይ ያርፋሉ? ጫማዎ ጠቦዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልቡ የደከመ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን እንቅስቃሴ አይሠራም፤ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

አቅም የምለካው በ30 ሜትር ኮሪደር ላይ በ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ነው። አጠገቡ አልሄድም፤ ከሄድኩ ፍጥነቱን የምወስነው እኔ ነኝ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ፍጥነት ወይም ዳገት ይጨመራል። በመጨረሻ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ የምንቀንስበት ጊዜ ቢያንስ 5 ደቂቃ ነው። ድንገት የቆመ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ስለሚቀር ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ናይትሬት (የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ ይብሳል። ደረቱ ተከፍቶ የታከመ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ከ4.5 ኪሎ በላይ አያነሳም። ባለ 25 ፓውንዱ የጤፍ ከረጢት ለሌላ ሰው ይተው።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ጾም ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ጠዋት ከመጣ ስኳሩ ይወርዳል። ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ አላስጀምረውም፤ 15 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ሰጥቼ ከ15 ደቂቃ በኋላ እለካለሁ። «አይጹሙ» ማለት አያዋጣም፤ እየጾመ ይደብቀኛል። ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ አደርገዋለሁ፤ የመድኃኒቱን መጠን ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙ እንዲያስተካክል አስቀድሜ እጽፋለሁ።