ኮዱ ተሳካ አለ፤ ቅንብሩ ግን አልተለወጠም

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ቢሯችን የሆቴሎችን ሒሳብ የሚያመሳክር ፕሮግራም እንሠራለን። የፕሮግራሙ ክፍሎች የሚለዋወጧቸው መልእክቶች የሚያልፉት በአማዞን ኤምኪው (በአማዞን የመልእክት ማስተላለፊያ አገልግሎት) ላይ በተከራየነው ራቢት ኤምኪው በኩል ነው፤ ይህም መልእክቶችን በወረፋ ይዞ ለተቀባይ የሚያደርስ ሶፍትዌር ነው። የወር መጨረሻ ሒሳብ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ራቢት ኤምኪው ደግሞ መልእክት ወስዶ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጨረሱን ያላረጋገጠ ተቀባይን መስመር ይዘጋል፤ መልእክቱም ወደ ወረፋው ይመለሳል። አንድ ሒሳብ ሲጀመርና ሲቋረጥ ያድራል ማለት ነው።

ረቡዕ ማታ ገደቡን በፓይተን ኮድ ወደ 3600000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ወደ አንድ ሰዓት፣ ከፍ አደረግሁት። ትእዛዙ ያለ ስሕተት አለፈ። መስመሩ ግን ሌሊቱን እንደ ቀድሞው ተቆረጠ። በጣም አዘንኩ፤ ጠዋት የሚጠብቁን የሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ።

ገደቡ የተጻፈበትን ቅንብር ማሻሻል አዲስ ቅጂ ይፈጥራል እንጂ ብሮከሩን (መልእክቶቹን የሚያስተላልፈውን የራቢት ኤምኪው አገልጋይ) አይነካም። ብሮከሩ የትኛውን ቅጂ እንደሚይዝ በሌላ ትእዛዝ መንገር ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ለውጡ የሚጸናው ብሮከሩ እንደገና ሲነሣ ወይም ሳምንታዊው የጥገና ሰዓት ሲደርስ ነው። የጥገናው ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከተሞላ ልብ በሉ፦ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የእኛ ብሮከር አንድ ብቻውን ስለሚሠራ ሲነሣ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ይህ ሰዓት ተስማምቶናል።

አሁን ኮዴ የብሮከሩን ሁኔታ መልሶ ያነባል። በሥራ ላይ ያለው ቅጂና በመጠባበቅ ላይ ያለው ከተለያዩ ተሳክቷል ብሎ አይጽፍም። ረጅሙን ሒሳብ በየሆቴሉ መከፋፈልም ጀምሬአለሁ፤ ገደብ ከማራዘም ይልቅ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል።