ጣቶቹን ጠብቂልኝ

እኛ ባሕር ዳር ውስጥ በአጥንት ክፍል የምናገለግል ነርሶች ነን። አንዲት እናት ልጇ ሲድንላት «ተአምርሽ በሰው ፊት ይነገርልሽ» ብላ በዘጌ ላለችው ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ተስላ ነበር። አደራዋን ተቀብለን እንመሰክራለን።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ በኤሌክትሪክ ስኩተር በኮብልስቶን መንገድ ሲሄድ የፊት ጎማው ሁለት ድንጋይ መካከል ተሰነቀረ። የዚህ መሣሪያ ጎማ ከዳር እስከ ዳር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በከተማችን እንደ ልብ የሚነዳው ብስክሌት ዘሎት የሚያልፈውን ጉድጓድ ስኩተር ይገባበታል። ነጂው ደግሞ ቆሞ ስለሚሄድ ጎማው ቀጥ ሲል ሰውነቱ በመሪው ላይ ያልፋል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ነው። የፊት ፍሬን ብቻ በድንገት መያዝም ይህንኑ ያመጣል። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ስለሚዘረጋ የአንጓ፣ የክርንና የትከሻ ስብራት ይበዛል፤ ሄልሜት ከሌለ ጥርስ፣ መንጋጋና ጭንቅላትም ይጎዳል። የዚህ ልጅ የቀኝ ክንዱ ሁለቱም አጥንቶች ከአንጓው ከፍ ብለው ተሰበሩ። ቆዳው አልተቀደደም።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ክንዱ ዙሪያውን በቀርከሃ ተደግፎ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ወጌሻውን አንኮንንም፤ በቅን ልቡ ነው የሠራው። ችግሩ የተሰበረ እጅ ከአደጋው በኋላ አንድና ሁለት ቀን ማበጡን አለማቆሙ ነው። ማታ ልክ የነበረ ማሰሪያ ሌሊት ማነቂያ ይሆናል። ውስጡ ሲወጠር ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል፤ እንዲህ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ጡንቻና ነርቭ ላይመለሱ ይሞታሉ። በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ መጥቶ የተቆረጠ እጅ አይተናል፤ እያለቀስን ያጠብነውም አለ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድ ሆነ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ በየመሐሉ «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ ጣቶቹን ጠብቂልኝ» ትላለች። 5 ሰዓት ላይ «እማየ፣ እጄ የኔ አይመስለኝም» አላት። ጣቶቹን ስትስም በረዶ ሆነዋል። «አንድ ነገር እጄን ይዞ ወደ መቀሱ ወሰደኝ» ነው የምትለው። ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው፣ ቀርከሃውን ጣለችው፣ እጁን በትራስ ላይ አድርጋ በባጃጅ አመጣችው።

ስንቀበለው ጥፍሩን ተጭነን ለቀቅን። ጤነኛ ጣት ነጥቶ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይቀላል፤ የሱ 4 ሰከንድ ፈጀ። ጣቶቹን ቀስ ብለን ስንዘረጋ ጮኸ፤ ከሁሉ የምንፈራው ምልክት እሱ ነው፤ የአንጓው ትርታ እየመታ እንኳ ጡንቻው ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ የጡንቻውን ሽፋን ከፍቶ ውጥረቱን ለማስተንፈስ ኦፕራሲዮን ክፍሉን አዘጋጀ። እጁን በልብ ልክ አስቀመጥነው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ከልብ በላይ ከተሰቀለ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በየ15 ደቂቃው ጥፍሩን እየተጫንን እናያለን፤ እናቱ በር ላይ በጉልበቷ ናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥፍሩ ወዲያው ቀላ፣ ጣቶቹ ሞቁ፣ ሲዘረጉም ያ ጩኸት ቀረ። ሐኪሙ «ተመስገን፣ መክፈት አያስፈልገንም» ሲል ሁላችንም እልል አልን። 1 ሰዓት ብቻ ዘግይታ ቢሆን ይህ ምስክርነት ባልተጻፈ ነበር። ክብር ለእግዚአብሔር፣ ምስጋና ለእናቱ ለድንግል ማርያም ይሁን።

ቀጥሎ እብጠቱ እስኪቀንስ ድረስ ሙሉ ጄሶ ሳይሆን ግማሽ ጄሶ ብቻ ነበር የተደረገለት፤ ሙሉው በእብጠት ላይ እንደዚያ ቀርከሃ ሊያንቅ ይችላል። በ5ኛው ቀን አጥንቶቹ በብረት ተያያዙ። ጣቶቹን ማንቀሳቀስ በማግስቱ ጀመረ፤ አጥንቱ ለመያዝ ሳምንታት ይወስዳል፣ ጣት ግን ዝም ከተባለ ቶሎ ይደርቃል።

አሁን ጨብጦ ይዘረጋል። መዳፉን ወደ ላይ ማዞር ትንሽ ይቀረዋል፤ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ ጠዋትና ማታ ያለማምደዋል። በወሩ በ16 ከእናቱ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ ጧፉን የያዘው በዚያው እጁ ነው።