በሩን መልሰው

ጥቅምት ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትናንት እናቴ ማንደጃውን አስጠግታ ቡና ታፈላለች፤ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ስድስተኛ ክፍል ናት። መምህሯ "ከቤታችሁ አንድ ስም መርጣችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩበት፤ ትርጉሙንም በአማርኛ ጻፉ" ብሏቸው እሷ "ዶር"ን መርጣለች። (ያለ ሰረዝ ስጽፈው ሐኪም መሰለ እንጂ በር ማለቷ ነው።)

ሁለቱን ቶሎ ጨረሰች። በሩ ትልቅ ነው፤ በሩ የእንጨት ነው። ሦስተኛውን ከመጽሐፏ ወሰደችው፦ "ፕሊዝ አንሰር ዘ ዶር።" መዝገበ ቃላት ገልጣ "አንሰር" ማለት መልስ መሆኑን አረጋገጠችና ጮክ ብላ አነበበችልን።

"እባክህ በሩን መልሰው።"

"እውነቷን ነው፣ መልሰው እንጂ! ብርዱ ፈጀን እኮ" አለች እናቴ።

ተነሥቼ መለስኩት።

ልጅቷ ትርጉሟ እንደሠራላት እርግጠኛ ሆና ወደ አራተኛው ልታልፍ ስትል ሳቄ አመለጠኝ። እንግሊዞቹ እንዲህ ሲሉ "ሰው መጥቷል፣ ሂድና ክፈት" ማለታቸው ነው። በኛ የተመለሰ በር ገርበብ ያለ ወይ የተዘጋ ነው፤ በነሱ መልስ ያገኘ በር ተከፍቷል። ቃሉን በቃሉ ስትተካው ልክ ተቃራኒው ይወጣል።

"ታዲያ በሩ ምን ጠይቆ ነው የሚመለስለት፣ ጋሼ?" አለችኝ።

ይቺን ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ ሳስባት አደርኩ። ባደግኩበት በቢቸና በኩል በር የሚያንኳኳ ሰው አላስታውስም። እንግዳው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል። ውሻው ይጮኻል። "ውሻ ያዙ!" ይላል እንግዳው፤ ከውስጥ "ማነው? ግቡ፣ ግቡ!" ይባላል። የሚጠራው ቤቱ ነው፣ የሚመልሰውም ቤቱ። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል የዋንዛ ሳንቃ በዚህ መሀል ምን ይገባዋል? እናቴማ እስከ ዛሬ ሳንቃውን "መዝጊያ" ነው የምትለው፤ በር ለሷ ክፍቱ ቦታ፣ መግቢያው ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም "ዶር" ብሎ ይገላግለዋል፤ ቀለም የሚቀቡትም ዶር፣ አልፈውት የሚገቡትም ዶር።

አንዴ ልብ ካሉት ነገሩ በየቦታው ነው። እነሱ "ኔክስት ዶር" የሚሉትን እኛ ጎረቤት እንላለን፤ ቤቱ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ እንግሊዝኛ ሲሆን "ዶር ቱ ዶር" ነው። እነሱ በሩን የሚያዩበት ቦታ ላይ እኛ ቤቱን እናያለን። ሁልጊዜ ግን አይደለም። "ደጅ መጥናት" ስንል እኛም ደጁ ላይ ነን፣ ያውም ለወራት። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ በዚያን ዘመን ባለጉዳይ ከሹም ደጅ ቆሞ ይከርም ነበር። "ዌይት አት ዘ ዶር" ብትለው በር ላይ መቆሙን እንጂ መለማመጡን አይነግርህም። እኔ ባለፈው ዓመት አንዲት ማኅተም ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት የጠናሁትን ደጅ በምን እንግሊዝኛ እንደማወራው እንጃ።

አራተኛው ዓረፍተ ነገሯ ላይ ሌላ ጣጣ ገጠመን። "ሰው በሩ ላይ ቆሟል" ለማለት "ኦን ዘ ዶር" ብላ ጻፈች። አልፈረድኩባትም። እኛ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ፣ ሰውዬው በሩ ላይ ቆመ፣ ቁልፉ በሩ ላይ ነው ብለን በአንዲት "ላይ" ሁሉንም እንጨርሳለን። እነሱ ማስታወቂያውን "ኦን"፣ ሰውዬውን "አት"፣ ቁልፉን "ኢን" ይሉታል። የሷ ሰውዬ እንደ ማስታወቂያ ተለጥፎ ቀረ ብላት እስክታነባ ሳቀች።

የራሴን ጉድ ከዚያ በኋላ ነው የነገርኳት። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ፣ ለፋሲካ ወደ አገራችን ያልሄድን ልጆች ተሰባስበን ዶሮ ሠራንና አንድ የውጭ አገር መምህር ጋበዝን። በልቶ ጠጥቶ ሲነሣ እኔ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ "አይ ዊል ሾው ዩ ዘ ዶር" አልኩት። ልሸኝህ ማለቴ ነበር። ሰውዬው አንድ እጁን ጃኬቱ ውስጥ እንዳስገባ ደርቆ ቀረ። ኋላ ነው ውጣልኝ እንዳልኩት የተረዳሁት። "ሲ ዩ ቱ ዘ ዶር" ብል ኖሮ ደግ ነበር። ልዩነቱ ማየትና ማሳየት ነው፤ እንግዳህን በሩ ድረስ ካየኸው አከበርከው፣ በሩን ካሳየኸው አባረርከው። እሱ ጨዋ ሰው ስለነበረ ሳቀ፤ እኔ ግን ባጃጅ እስኪያገኝ አብሬው ስሄድ መንገዱን ሙሉ "ሶሪ፣ ሶሪ" ስል ነበር።

"ለምን እስከ ባጃጅ ሄድክ? በሩ ድረስ አይደል ያልከው?" አለች።

በሩ ድረስ የሚባል ሽኝት የት ያውቃል ጎጃሜ? ይህን ልመልስላት ስል ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ መጣ። ልጅቷ "አንሰር ዘ ዶር!" እያለች ተፈትልካ ወጣች። ጎረቤታችን ወንፊቱን ልትመልስ መጥታ ነው። ቁጭ ብላ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ "በረካው ይቅርብኝ" ብላ ተነሣች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት።

በዚያ ብርድ ሁለቱ መንገድ ላይ ቆመው ወሬ ሲቀጥሉ፣ "በቃ ተመለሺ"፣ "ትንሽ ልሸኝሽ" ሲባባሉ ይሰማኛል። አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ገና ባዶ ነው፤ ልጅቷ እርሳሷን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ እስክትመለስ በሩን መለስ አድርጌ ቁጭ አልኩ።