ጤና ጣቢያው ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መወጣጫ) እንዲሠራ እንዴት አስወሰንን

የምሠራው በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ላይ በተሰማራ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ለዓመታት ሥራችን ዊልቸርና ክራንች ማደል ነበር። ከዚያ እንለፍ ብንልም ሕጉ አያሳልፍም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት የአካል ጉዳተኞችን መብት ይዞ መሥራት አይችልም ነበር። ዊልቸር መስጠት ይቻላል፤ ዊልቸር የማያስገባውን ጤና ጣቢያ «ለምን?» ማለት ግን አይቻልም ነበር። ገደቡ የተነሣው በአዋጅ 1113/2011 ነው።

የጀመርነው ከአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ወደ እናቶች ክፍል የሚገባው በደረጃ ነበር። በዊልቸር የምትሄድ ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትመጣ ዘበኞች ተሸክመው ያስገቧት ነበር። «ወንድሜ፣ እርግዝናው አልከበደኝም። የከበደኝ እንደ ጆንያ አንስተው ሲያወጡኝ ነው» አለችኝ። መስማት የተሳናት ሌላ እናት ደግሞ ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ስለ ማህፀኗ የሚጠየቀውን በምልክት የሚነግራት ገና ታዳጊው ልጇ ነበር።

ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው። «ለጋሽ ፈልጉልንና እናሠራው» አሉን። የለመድነውም ያንን ነው፤ ፈንድ፣ ፎቶ፣ ሪባን መቁረጥ። በዚህኛው ግን የሕንፃ አዋጁን ፎቶ ኮፒ ይዘን ሄድን። የአዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም የሚመች መግቢያ ይኑረው ይል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም አገራችን በ2002 አጽድቃዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 22 የታካሚን ምስጢር፣ አንቀጽ 25 ከሌላው እኩል መታከምን ይመለከታሉ።

«ልትከሱን ነው እንዴ?» አሉ ኃላፊው። እውነቱን ለመናገር፣ አንቀጽ እየጠቀሱ መግባት ሰው ያስኮርፋል። «የለም፣ እርስዎ የጤና ጣቢያውን ቦርድ የሚጠይቁበት ወረቀት ነው» ስንላቸው ፊታቸው ተፈታ። ጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ አለው፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ቦርዱ ነው። ጊዜውንም መርጠናል። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ከመጀመሩ በፊት፣ ዕቅድ ሲዘጋጅ ማለት ነው። በጀቱ ካለፈ በኋላ «ለከርሞ» ነው የሚባለው።

ቦርዱ ፊት የተናገረችው ያቺው ባለዊልቸሯ እናት ናት። እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ይሄን ሌሎች ድርጅቶችም ቢያደርጉት እመክራለሁ። ባለጉዳይዋ እያለች ፓወር ፖይንት ምን ይሠራል?

ራምፑ ጸደቀ። ግንበኛው ግን ቦታ ለመቆጠብ አሳጥሮ ቀጥ ያለ አቀበት አደረገው። እሷ ሞክራው ዊልቸሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል። አስፈርሰን አሠራን። ልኬቱ ከውሉ ጋር ይጻፍ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ጉዳይ ገና ነው። የሥራ መደብ ስለሚጠይቅ ቦርዱ ብቻውን አይወስነውም፤ ደብዳቤያችን ከበላይ መሥሪያ ቤት አልተመለሰም። እስከዚያ እናትየው ራሷ የመረጠቻት፣ ምልክት የምትችል ሴት አብራት ትገባለች። ልጁ ውጭ ይጠብቃል።